በእንክርዳድ ውስጥ ያደረ እንግዳ

እንክርዳድ የሚለውን ቃል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። እንክርዳድን በዓይኑ አይቶ ከስንዴ መለየት የሚችል ግን፣ በተለይ ከከተሜውና በውጭ አገር ከሚኖረው መካከል፣ እጅግ ጥቂት ነው። ቃሉ ከማሳ ወጥቶ መድረክ ላይ ከወጣ ቆይቷል። ሰባኪው ይጠቀምበታል፤ ፖለቲከኛው ይጠቀምበታል፤ በየማኅበሩ ስብሰባ ለሁለት የተከፈሉት ወገኖች ሁለቱም ይጠቀሙበታል። «ስንዴው ከእንክርዳዱ ይለይ» ሲባል ሁሉም ስንዴው እሱ መሆኑን ያውቃል።

እህል የሚለቅሙ እጆች ግን ቃሉን የሚያውቁት በምሳሌነቱ አልነበረም። እንክርዳድ የበዛበት ዱቄት የተጋገረ እንደሆነ ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያጨልማል፣ ያስመልሳል፤ ጠላ ውስጥ የገባ እንደሆነ ደግሞ ከጌሾውና ከብቅሉ ልክ ያለፈ ስካር ያመጣል። ስንዴው ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ አንድ በአንድ የሚለቀመው ለዚህ ነው። እንክርዳድ እንደ ማንኛውም አረም ምርት የሚሻማ ብቻ አይደለም፤ ስንዴ መስሎ ስንዴ ውስጥ የሚገባ መርዝ ነው። ለመሆኑ መርዙ የማን ነው? ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ መልሱ ጥያቄ የሚያስነሳ አይመስልም ነበር፤ የእንክርዳዱ ነዋ! ይህ መልስ መናጋት የጀመረው በ1898 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የመጣው ዕውቀት ከእንክርዳድ አልፎ፣ በሣርና በሣር በሊታ ነፍሳት መካከል ያለውን የጥንት ጦርነት ማን እንደሚዋጋው የሚታሰበውን ለውጦታል።

የጥንቶቹ መጻሕፍት እንክርዳድን በደንብ ያውቁታል። የሮማው ቀልደኛ ጸሐፌ ተውኔት ፕላውተስ በአንድ ቲያትሩ ውስጥ አንዱ አሽከር ሌላውን፣ ስንዴ እንዲህ ረክሶ ሳለ አንተ እንክርዳድ እየበላህ መኖርህ ይገርማል ይለዋል፤ ዓይንህ አያይም ማለቱ ነው። ተመልካቹ ይህን ሰምቶ እንዲስቅ እንክርዳድ ዓይን እንደሚያደበዝዝ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ኦቪድ ለእርሻ አማልክት ባቀረበው ልመና ውስጥ ማሳው ዓይን ከሚያበላሸው እንክርዳድ ይጸዳ ዘንድ ይለምናል። ቨርጂል ስለ እርሻ በጻፈው ግጥም ገበሬውን ከሚያሰቃዩት አረሞች መካከል ያነሣዋል። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ሼክስፒር ያበደውን ንጉሥ ሊር ከማሳ አረም የተጎነጎነ ዘውድ ሲያስደፋው ከአረሞቹ አንዱን እንክርዳድ አድርጎታል። አእምሮው ለተናወጠ ንጉሥ የሚያዞር ሣር መመረጡ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

ስሞቹም ይመሰክራሉ። ሊኒየስ በ1753 ተክሉን ሎሊየም ቴሙሌንተም ብሎ ሲመዘግበው ሁለተኛው ቃል በላቲን «ሰካራም» ማለት ነው። የፈረንሳይኛው ስም «ኢቭሬ» ከስካር ቃል የወጣ ነው፤ ጀርመኖች ደግሞ በስሙ መነሻ ላይ መንገዳገድን ጨምረው ታውመልሎልኽ ይሉታል። የግሪኩ ወንጌል «ዚዛንያ» የሚለው ከሴማውያን ቋንቋዎች የተዋሰውን ቃል ነው፤ የአረብኛው «ዙዋን» ዘመዱ ነው። በግእዙ ክርዳድ፣ በአማርኛው እንክርዳድ ውስጥ ግን የስካር ድምፅ ለጆሮ አይሰማም። አውሮፓውያን በስሙ ውስጥ ያኖሩትን ዕውቀት ኢትዮጵያውያን በሰፌዱ ላይ አኑረውታል ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ጥንታውያኑ ስለ እንክርዳድ አመጣጥ ያመኑት ነገር ነው። የአሪስቶትል ደቀ መዝሙር የነበረው ቴዎፍራስጦስ ስንዴና ገብስ እየተበላሹ ወደ እንክርዳድ ይለወጣሉ የሚለውን እምነት መዝግቧል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋሌን ደግሞ የአባቱን ታሪክ ይተርካል። አባቱ በዕድሜው ማምሻ ወደ እርሻ ያዘነበለ ሰው ነበርና ነገሩን ሊፈትን ፈለገ፤ ከስንዴው ውስጥ ባዕድ ዘር ሁሉ አስለቅሞ ንጹሑን ዘራ። መከሩ ሲደርስ በስንዴው መካከል እንክርዳድ አገኘ፤ እንግዲያው ስንዴ ይለወጣል ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ጋሌን በዚያው መጽሐፉ፣ ዝናቡ ባልተስተካከለበት ዓመት ስንዴው እንክርዳድ በዝቶበት፣ ገበሬውም ጋጋሪውም በወንፊት ሳያጠሩት፣ ሰዎች በራስ ምታት እንደተመቱ ጽፏል። የምርቱ መቀነስ ለማጥራት አላስቻላቸውም። ረሃብና መርዝ አብረው ሲሄዱ ይህ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጊዜ አልነበረም።

የጋሌን አባት ሙከራው ቢሳሳትም ዓይኑ አልሳተም። እንክርዳድ ዛላ እስኪያወጣ ድረስ ከስንዴ አይለይም። ቁመቱ ይመስላል፣ ቅጠሉ ይመስላል፣ የሚደርስበት ጊዜም ይመሳሰላል፤ ዘሩ ከስንዴ ፍሬ ጋር ተቀራራቢ መጠን ስላለው በወንፊት ቀዳዳ አልፎ አይወድቅም። ይህ ሁሉ መመሳሰል ያለ ምክንያት አልመጣም። ለሺህ ዓመታት ገበሬው የማይመስለውን እየነቀለ፣ የማያክለውን እያበጠረ ሲጥል፣ የቀረው የሚመስለውና የሚያክለው ብቻ ሆነ። እንክርዳድን እንክርዳድ ያደረገው የሰው እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ እንኳ ከሰው ማሳ ውጭ ራሱን ችሎ መኖር የሚከብደው ተክል ነው፤ በየዓመቱ የሚዘራው ያው ሊያጠፋው የሚደክመው ገበሬ ነው።

ወደ 1898 እንመለስ። በዚያ ዓመት ቮግል፣ ሃናውሴክ፣ ኔስትለርና ጌራን የተባሉ አራት የአውሮፓ ተመራማሪዎች፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ አንድ ነገር ዘገቡ። የእንክርዳድ ፍሬ በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከገለባው ሥር፣ ዱቄት ከሆነው ክፍል በላይ፣ የተጠላለፉ ክሮች ሽፋን ይታያል። ክሮቹ የተክሉ አይደሉም፤ የፈንገስ ናቸው። ፍሬው ግን አልሻገተም፣ አልጠቆረም፣ አልታመመም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1904፣ ኤድዋርድ ፍሪማን የተባለ አሜሪካዊ በእንግሊዝ አገር ሆኖ ፈንገሱን ከዘሩ ጀምሮ ተከታተለው። ዘሩ ሲበቅል ፈንገሱ አብሮ ወደ ቡቃያው የእድገት ጫፍ ይገባል፤ ተክሉ ሲያድግ አብሮት ይወጣል፤ ዛላው ሲፈጠር ወደ አዲሶቹ ፍሬዎች ይገባል። ከማሳ ወደ ማሳ በነፋስ አይበርም። ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርድ ውርስ ነው።

በዚያው 1904 ጉስታቭ ሊንዳው በርሊን ውስጥ ያቀረበው ግኝት ደግሞ የታሪክ ሰው የሚቀናበት ዓይነት ነው። ከጥንታዊ ግብፅ መቃብር የተገኙ፣ አራት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእንክርዳድ ፍሬዎችን ቆርጦ ተመለከተ። ክሮቹ እዚያው ነበሩ። ፈርዖኖች መቃብር ሲያስቆፍሩ፣ ለሙታን ከተቀመጠው እህል ጋር እንክርዳዱ፣ ከእንክርዳዱ ጋር ደግሞ እንግዳው አብረው ተቀብረው ነበር። ወንጌሉ ስለ እንክርዳድ ሲናገር ፈንገሱ በዚያ ሣር ውስጥ ከኖረ ቢያንስ ሁለት ሺህ ዓመት ሆኖት ነበር ማለት ነው።

በቅጠል ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ሲባል ብዙ ሰው በጤፍ ወይም በስንዴ ቅጠል ላይ የሚታየውን ዋግ ያስባል። ይህኛው ሌላ ነው። ዋግ ህዋሱን ሰርስሮ ይገባል፣ ቅጠሉን ያዝጋል፣ ዱቄቱን ለነፋስ ይሰጣል። የእንክርዳዱ እንግዳና ዘመዶቹ ግን በህዋስና በህዋስ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ክራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ በተለይም ቅጠሉ አገዳውን አቅፎ በሚነሣበት የታችኛው ክፍል ይበዛሉ። ግድግዳ አያፈርሱም። ሣሩ ሲያድግ ይረዝማሉ፣ ሣሩ እድገቱን ሲያቆም ያቆማሉ። ስኳርና ውሃ ከቤቱ ባለቤት ይቀበላሉ። ከውጭ የሚታይ ምልክት ስለሌላቸው ያለ ማይክሮስኮፕ መኖራቸውን ማወቅ አይቻልም። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1879 ባሳተመው ንግግሩ የተለያዩ ፍጡራን አብሮ መኖርን «ሲምባዮሲስ» ብሎ ሲጠራ መጠቃቀምንም ጥገኝነትንም በአንድ ቃል አጠቃሎ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው ቃሉን ወደ ፍቅር ብቻ ያዘነበሉት። የሣሩና የፈንገሱን ነገር ለመረዳት የደ ባሪ ሰፊ ትርጉም ይሻላል።

ለሰባ ዓመት ያህል ነገሩ የጥቂት ሊቃውንት ጉዳይ ሆኖ ቀረ። በእንክርዳድ የሚመረዝ ሰው በአውሮፓ እየቀነሰ ሄዶ ነበርና የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም። ችግሩ በትልቁ የተመለሰው በሌላ አህጉር፣ በሌላ ሣር ነው።

በ1931 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ፈርገስ በሜኒፊ አውራጃ የማሽላ ሽሮፕ ውድድር ሊዳኝ ሄዶ ሳለ፣ በአንድ ገበሬ ኮረብታ ላይ ስለሚበቅል አስደናቂ ሣር ሰማ። ሄዶ አየው። ፌስኪዩ የሚባለው የሣር ዓይነት ነበር፤ ሌላው ሣር በደረቀበትና በተጠረገበት ተዳፋት ላይ አረንጓዴ ሆኖ አፈሩን ይዞ ቆሟል። ፈርገስ ዘሩን ይዞ ተመለሰ። ከአሥር ዓመት በላይ ከተፈተነ በኋላ በ1943 «ኬንታኪ 31» በሚል ስም ለገበሬዎች ተለቀቀ። ጊዜው አሜሪካ የተራቆተ መሬቷን የምትሸፍንበት ነገር አጥብቃ የምትፈልግበት ነበር። ሣሩ ድርቅ ይችላል፣ ኮቴ ይችላል፣ ነፍሳት ይችላል። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ 14 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ሸፈነ።

ከብቶቹ ግን አልሰቡም። ለምለም ሣር መሐል ቆመው ይከሳሉ። በበጋ ሙቀት ጊዜ ያለከልካሉ፣ ሲችሉ ኩሬ ውስጥ ገብተው ውለው ያድራሉ፤ የክረምት ጠጉራቸው በጊዜው አይረግፍም። ላሞች ወተት ይቀንሳሉ፣ መፅነስ ይቸግራቸዋል። ባዝራዎች እርግዝናቸው ከጊዜው ያልፋል፣ ሲወልዱም ጡታቸው ደረቅ ይሆናል። በብርድ ወራት ደግሞ የባሰ አለ፤ ደም ወደ ዳር አካል መድረስ ያቆምና ኮቴው ከእግሩ ይላቀቃል፣ የጭራው ጫፍ ይቆረጣል። በ1990ዎቹ የተሠራ ግምት ይህ በሽታ የአሜሪካን ከብት አርቢዎች በዓመት ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያከስራቸዋል ይላል። ተመራማሪዎች ከአፈሩ እስከ ማዕድኑ፣ ከሣሩ ኬሚካል እስከ ሻጋታው ፈተሹ። በሣሩ ላይ የበቀለ ሻጋታ ሲፈልጉ ኖሩ። ውስጡን ያየ አልነበረም፤ ውስጡማ ጤነኛ ነው።

ጥያቄው የተፈታው በጆርጂያ ግዛት ማንስፊልድ በምትባል ቦታ አቅራቢያ ባሉ ሁለት የግጦሽ መሬቶች ነው። ሣራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ በአንዱ ላይ የሚግጡት ከብቶች ይታመማሉ፣ በሌላው ላይ ያሉት ደህና ናቸው። ቻርልስ ቤከንና ባልደረቦቹ የሁለቱን ሣር በማይክሮስኮፕ አዩ። በሚያሳምመው መሬት ላይ ከተወሰዱት ተክሎች ሁሉም በውስጣቸው ፈንገስ ነበራቸው፤ ከደህናው መሬት ከተወሰዱት ግን ከአሥር አንዱ ብቻ። ግኝታቸው በ1977 ታተመ። ፈርገስ ከኮረብታው ላይ ያመጣው ሣር ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ሁለት ፍጡራንን በአንድ ከረጢት አምጥቶ፣ በአንድ ስም መዝግቦ፣ በአንድ ዋጋ ሸጧቸዋል።

የታሪኩ ሌላኛው ግማሽ የተጻፈው በኒውዚላንድ ነው። እዚያ ያለው ሣር የእንክርዳድ የቅርብ ዘመድ፣ ሎሊየም ፔሬኔ ነው፤ የአገሪቱ በግና ላም የሚኖረው በእሱ ላይ ነው። በበጋ ማብቂያ በጎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሲያባርሯቸው አንገታቸው ይወዛወዛል፣ እግራቸው ይደርቃል፣ ተንገዳግደው ይወድቃሉ፤ ካረፉ በኋላ ተነሥተው ይሄዳሉ። የጥንቱ የእንክርዳድ ስካር በበግ ላይ ተመልሶ የመጣ ይመስላል። በ1981 ፍሌቸርና ሃርቪ መንገዳገዱን በሣሩ ውስጥ ካለው ፈንገስ ጋር አያያዙት። መፍትሔውም ቀላል መሰለ። ዘር ለረጅም ጊዜ በሞቀ ቦታ ሲቀመጥ ፈንገሱ ከዘሩ ቀድሞ ይሞታል፤ እንዲህ ያለው ዘር ሲዘራ ንጹሕ ሣር ይበቅላል። ንጹሕ ሣር የበላ በግ አይንገዳገድም።

አልተንገዳገደም። ግን በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1982፣ ፕሬስቲጅና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር አስታወቁ። ከደቡብ አሜሪካ የገባ የአገዳ ነቀዝ አለ፤ ጎልማሳው ቅጠል ይቦጫጭራል፣ እጩ አገዳውን ሰርስሮ ከውስጥ ይገድለዋል። ይህ ነቀዝ ፈንገስ ያለበትን ሣር ይሸሻል፤ የሌለበትን ደግሞ እስኪያልቅ ይበላል። ንጹሑን ሣር የዘራ ገበሬ በጉን አድኖ መሬቱን አጣ። አሜሪካ ውስጥም በ1980ዎቹ ከፈንገስ የጸዱ የፌስኪዩ ዘሮች ለገበያ ሲቀርቡ ከብቶቹ ሰቡ፤ ሣሩ ግን ድርቅና ግጦሽ ሲደራረቡበት ከብዙ ቦታ ጠፋ። የኬንታኪው ኮረብታ ተአምር የሣሩ ሳይሆን የሁለቱ ነበር።

በወንጌሉ ምሳሌ ባሮቹ እንክርዳዱን እንንቀለው ሲሉ ባለቤቱ ስንዴውንም አብራችሁ ትነቅላላችሁ ብሎ የከለከለው ምክንያት የእርሻ ምክንያት ነው፤ ሥሮቹ የተያያዙ ናቸው። የኒውዚላንድ ገበሬ ያጋጠመው ከዚያም የጠበበ ነገር ነው። የሚነቀለውና የሚጠበቀው በአንድ ቅጠል ውስጥ፣ በህዋሶች መካከል ባለች ክፍተት፣ በአንድ ክር ላይ ተገናኝተዋል።

መለያየት የተቻለው ኬሚስቶች መርዙን ሲቆጣጥሩት ነው። አንድ መርዝ አልነበረም። ፈንገሶቹ አልካሎይድ የሚባሉ መራራ ውህዶችን ይሠራሉ፤ ከእነዚህም አራት ዓይነቶች ዋና ሆነው ተገኙ። ኤርጎቫሊን የሚባለው የደም ሥርን ያጠባል፤ የከብቶቹ ሙቀት፣ የወተቱ መድረቅ፣ የኮቴው መውደቅ ከእሱ ነው። ሎሊትረም ነርቭን ይነካል፤ በጎቹን የሚያንገዳግደው እሱ ነው። ፔራሚን ግን ለከብት ግድ የለውም፤ ነቀዙን ከቅጠሉ የሚያባርረው እሱ ነው። ሎሊን፣ ስሙን ከእንክርዳድ የላቲን ስም የወሰደው፣ ለብዙ ነፍሳት ብርቱ መርዝ ሆኖ ለአጥቢ እንስሳት ብዙም አያሰጋም። ሁሉም ፈንገስ ደግሞ አራቱንም አይሠራም። ከሣር ወደ ሣር፣ ከአገር ወደ አገር ይለያያል። እንግዲህ ከብት የማይነካ፣ ነፍሳት የሚከለክል ፈንገስ በተፈጥሮ ካለ፣ ፈልጎ አግኝቶ ንጹሕ ሣር ውስጥ ማስገባት ይቻላል ማለት ነው። ኒውዚላንዳውያን በሜዲትራኒያን አካባቢና በአውሮፓ ከተሰበሰቡ የሣር ዘሮች ውስጥ እንዲህ ያሉ ፈንገሶችን ለቅመው አወጡ። አሜሪካ ውስጥ በ2000 «ማክስ ኪው»፣ ኒውዚላንድ ውስጥ በ2001 «ኤአር 1» በሚሉ ስሞች ለገበያ ቀረቡ። ዛሬ ገበሬው የሣር ዘር ሲገዛ ከረጢቱ ላይ የሣሩ ስም ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለው ፈንገስ ስምም ተጽፎበታል። ከፈርገስ ከረጢት እዚህ ለመድረስ ስድሳ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

የፈንገሱ ጉዳት ነፍሳቱን በመመረዝ ብቻ አያበቃም። በ2001 ማሪና ኦማቺኒና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ሙከራ፣ በፈንገስ ባለበትና በሌለበት የሎሊየም ሣር ላይ የሚኖረውን ክሽክሽ፣ እንዲሁም በክሽክሽ ሰውነት ውስጥ እንቁላል የሚጥሉትን ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች ተከታተለ። ፈንገስ በሌለበት ሣር ላይ ክሽክሹ በዛ፤ በጥገኛ ተርብ የሚያዘውም ከመቶ ሲሰላ በዛ። ፈንገስ ባለበት ሣር ላይ ክሽክሹም ጠላቱም ሳሱ። ሌሎች ሙከራዎች ደግሞ እንዲህ ካለው ሣር የተለቀመ ክሽክሽ የተመገቡ ነጠብጣም ጥንዚዛዎች መራባታቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በዓይን የማይታይ ክር በቅጠል ውስጥ ተኝቶ ሣሩን የሚበላውን፣ ሣር በሊታውን የሚበላውን፣ በላተኛውንም የሚበላውን ቁጥር ይወስናል።

ይህ ሁሉ ሲሰማ ፈንገሱ የሣሩ ዘበኛ ነው ማለት ያጓጓል። ኪት ክሌይ በ1988 ያቀረበው ሐሳብም ይህንኑ ነው፤ ሣሩ ቤትና ቀለብ ይሰጣል፣ ፈንገሱ ይጠብቃል። ሳይኮነንና ፌት የመሳሰሉ ተከራካሪዎች ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ ማስረጃው በብዛት የመጣው ከሁለት የግጦሽ ሣሮች ነው፣ እነሱም ሰው መርጦ፣ አርብቶ፣ ማዳበሪያ አልብሶ ያሳደጋቸው ናቸው ሲሉ ተቃወሙ። ፌት በአሪዞና የዱር ፌስኪዩ ላይ ባደረገው ጥናት ፈንገስ ያለበት ሣር ከነፍሳት ይጠበቃል የሚያሰኝ የረባ ነገር አላገኘም፤ አንዳንዴም እንግዳው ለባለቤቱ ሸክም ብቻ ሆኖ ታይቷል። ክርክሩ የሚያጋድለው ወደ እነሱ ነው ባይባልም፣ ትምህርቱ ከባድ ነው። አፈሩ የለማ፣ ነፍሳቱ የበዙ እንደሆነ ዘበኛው ይከፈለዋል፤ ሌባ በሌለበት መንደር ግን ያው ደሞዝተኛ ዘበኛ ቀለብ ጨራሽ ይሆናል።

ከሣር ወጥተው ወደ ዛፍ ሲሄዱ ደግሞ ወሬው ሌላ ነው። በፓናማ ደኖች የካካዎ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ይፈጠርና ከአየሩና ከዝናቡ በሚወርድ ዘር በሳምንታት ውስጥ በብዙ ዓይነት ፈንገሶች ይሞላል። ውርስ የለም፤ እያንዳንዱ ቅጠል የራሱን እንግዶች ይሰበስባል። እንዲያም ሆኖ እነዚህ ፈንገሶች የካካዎን በሽታ እንደሚቀንሱ ተመዝግቧል፤ የራሳቸውን የፈንገስ እርሻ ለመመገብ ቅጠል የሚያጭዱት የዚያ አገር ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖችም በፈንገስ የተሞላን ቅጠል ብዙም አይወዱትም። ገበሬ ሌላው ያልዘራውን አረም ወደ ማሳው አያስገባምና!

የእንክርዳዱ እንግዳ አንድ አስፈሪ ዘመድ አለው፤ በአጃና በገብስ ዛላ ላይ እንደ አይጥ ኩስ ያለ ጥቁር ቀንድ የሚያበቅለው ኤርጎት። ይህኛው ተደብቆ አይኖርም፤ አበባውን ወርሮ በፍሬው ፋንታ ራሱን ያስቀምጣል። የሚሠራው መርዝ ግን ከኤርጎቫሊን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ የሰውንም የከብትንም የደም ሥር ያጠባል። በ1977 እና በ1978 በወሎ ሰዎች እጅና እግራቸው ጠቁሮ፣ ደርቆ የተቆረጠበት ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር፤ ምክንያቱ ከእህላቸው ጋር የተቀላቀለው ስናር የተባለው የዱር አጃ የተሸከመው ኤርጎት እንደሆነ ሐኪሞች ዘግበዋል። በ2001 በአርሲ፣ በገብስ ምክንያት፣ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። የአሜሪካ ላሞች ኮቴ ላይ የታየው በላስታና በአርሲ ሰዎች ጣት ላይ ታየ። በላሞቹ ላይ ለደረሰው የሚሊዮኖች ዶላር ስሌት ተሠርቶለታል። በድርቅ ወይም በችግር ጊዜ እህሉን ለቅሞ ለመጣል አቅም ያጣ ሰው ግን ከጋሌን ዘመን ጋጋሪዎች ብዙም አልራቀም።

እንክርዳዱ ራሱስ? በውስጡ ያለው ፈንገስ ከነዘመዶቹ የራሱን ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ2000 ነው፤ በላቲን «የተሰወረው» ተብሎ ተሰየመ። ሎሊን እንደሚሠራም ታውቋል፤ ይኸውም እንክርዳዱን ከነፍሳት የሚጠብቀው ነው። ሰውን የሚያሰክረው የትኛው ውህድ እንደሆነ ግን ተመራማሪዎቹ ገና አልተስማሙም። አንዳንዶቹ ፈንገሱን ሲከሱ፣ ሌሎቹ ኤርጎትን፣ ሌሎቹ ደግሞ በሣሩ ዘመዶች ላይ የሚገኝ ባክቴሪያን ይጠረጥራሉ። ለመመርመር ናሙናው ራሱ እየጠፋ ነው። የዘር ማጥሪያ ማሽን በገባበት በአውሮፓ እንክርዳድ ከማሳ ጠፍቶ ማለት ይቻላል፤ እንግሊዝ ውስጥ ሼክስፒር ያየውን አረም ዛሬ በእርሻ ላይ ማግኘት ብርቅ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን አለ። በደቡብ ምዕራብ በማሎ በተደረገና በ2004 በታተመ ጥናት፣ በገበሬዎች ማሳ ላይ ያለው የእንክርዳድ የዘር ስብጥር ከባህላዊው አስተራረስ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ፈንገሱ ከእናት ዘር ወደ ልጅ ዘር ብቻ ነው የሚተላለፈው፤ ሌላ መውጫ የለውም። በግብፅ መቃብር የተገኘው ክር ዘመዶቹ ዛሬ በሕይወት ካሉባቸው ቦታዎች አንዱ ገበሬው ዘሩን ራሱ አስቀርቶ ራሱ የሚዘራበት እንዲህ ያለው ማሳ ነው።